የመንደራችንን ስጋት ራሳችን እንቁጠር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አደጋ ነው። አደጋ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ድርቅ ነው። ይህ አያስገርምም። የ1966ቱን የወሎ ረሃብና የ1977ቱን ረሃብ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ የምንኖር ገበሬዎች ግን ስለ አደጋ ሲነሣ ብዙም አንደነግጥም። «ድርቅ የቆላ ሰው ችግር ነው። የእኛ አገር ዝናብ አያጣም። አፈሩ ወፍራም ነው። አዲስ አበባም ቅርብ ነው» እንላለን። እንዲህ እያልን ተዘልለን ተቀምጠናል።

እውነት ነው፣ ዝናብ አናጣም። የእኛ ችግር ግን ከዚያው ከማናጣው ዝናብ ይመጣል። ጎርፉ፣ በረዶው፣ የተኛው ውሃ፣ ቦረቦሩ፣ የሚንሸራተተው ገደል፣ ሁሉም የዝናብ ልጆች ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ውርጭ ይከተላል። ታዲያ እነዚህን ሁሉ ቆጥረን እናውቃለን? የትኛው መንደር በየትኛው ይጎዳል? በስንት ዓመት አንድ ጊዜ? ማንን ቀድሞ ይነካል? ይህን ጥያቄ አንድ ሰው መጥቶ ቢጠይቀን ሁላችንም የምንናገረው አለን። በጽሑፍ ያለው ግን የለም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይኸው ነው። ማንበብና መጻፍ ከቻልን ከምንጽፋቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ የመንደራችን ስጋት መሆን አለበት።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላት እንለይ። አንዱ አደጋ ነው። ሌላው ስጋት ነው። አንድ አይደሉም።

በረዶ በባዶ ድንጋይ ላይ ቢወርድ ማንንም አይጎዳም። ሕፃናት ለቅመው ይጫወቱበታል። ያው በረዶ እሸት በያዘ የስንዴ ማሳ ላይ ቢወርድ የዓመት ልፋት ይዞ ይሄዳል። ማሳው ጎተራው የሞላ፣ በረቱም የሞላ ገበሬ ከሆነ ሰውየው አንድ ወይፈን ሸጦ ይከርማል። ማሳው ባሏ የሞተባትና አራት ልጅ የምታሳድግ ሴት ከሆነ ግን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ፣ መሬቱም ለእኩል አራሽ ይሰጣል። በረዶው አንድ ነው። ጉዳቱ ግን ለየቅል ነው። እንግዲህ ስጋትን የሚመዝን ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ምን ይመጣል? ማን መንገዱ ላይ አለ? ሲመታስ ለመነሣት ምን አቅም አለው?

ከእነዚህ ከሦስቱ የመጀመሪያው ከአቅማችን በላይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ግን በእጃችን ናቸው። «ጎርፍ የእግዜር ሥራ ነው» የሚለው ሰው ይህን ይርሳ እንጂ እኛ አንርሳው። ዝናቡ የእግዜር ነው። ቤቱን ወንዝ ዳር የሠራነው ግን እኛ ነን።

ከሰበታ በታች ካለው ሜዳ እንጀምር። አዋሽ የሚነሣው ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። ከዚያ ወርዶ የበቾን ሜዳ ይሻገራል። በርጋና ሆለታ የሚባሉት ወንዞችም እዚያው ይገቡበታል። ከዚያ በመልካ ቁንጥሬ በኩል አድርጎ ወደ ቆቃ ይሄዳል። የበቾ ሜዳ ለጥ ያለ ነው። አፈሩም መረሬ ነው። የመረሬን ጠባይ ገበሬ ያውቀዋል። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ የሰው እግር ይውጣል። በክረምት ደግሞ ውሃ ሲጠግብ ይገጥማል፣ ከዚያ በኋላ አንድ ጠብታ አያስገባም። ከላይ ወንዙ ሞልቶ ይወጣል። ከታች አፈሩ አላስገባም ይላል። ውሃው ወዴት ይሂድ? ይተኛል።

በሜዳው የሚመጣው ጎርፍ እያጓራ አይመጣም። ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የተባለው ለዚህ ነው። ማታ ቁርጭምጭሚት ያህል የነበረው ጠዋት ጉልበት ይደርሳል። ሰው የሚሞተው በጥቂቱ ነው። የሚጠፋው ግን ብዙ ነው። ጤፉ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ ይሟሟል። የከብቱ መኖ ይሻግታል። የከብቱ ሰኮና ይቆስላል። የመጸዳጃው ጉድጓድ ሞልቶ ከምንጩ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ ተቅማጥ ይመጣል። ምጥ የያዛት ሴት ከቤት ወደ ጤና ጣቢያ የምትወጣበት መንገድ አይኖራትም። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ አንቆጥረውም። የጠፋ ኩንታል ሲመዘገብ የተዘጋ መንገድ አይመዘገብም። እኔ በበኩሌ ከኩንታሉ በፊት መንገዱ ይጻፍ እላለሁ።

ይሁን እንጂ በቾን ጎርፍ አለበት ብሎ ብቻ መተው ስሕተት ነው። ውሃው መስከረም ላይ ሲሸሽ አፈሩ ውስጥ እርጥበት ትቶ ይሄዳል። ሽምብራውና ጓያው በዚያ እርጥበት ነው የሚበቅለው። የበቾ ጤፍም ስሙ የወጣው በዚሁ አፈር ነው። ስለዚህ ከቢሮ የመጣ ሰው ካርታ አይቶ «ይህ የጎርፍ ቦታ ነው፣ ተነሡ» ቢል ገበሬው የማይሰማው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ሒሳቡን ስለሚያውቅ ነው። ጥያቄው መነሣት ወይም አለመነሣት ብቻ አይደለም። ማሳው ከታች ሆኖ ቤቱ፣ ጎተራውና በረቱ ትንሽ ከፍ ካለው ቦታ ላይ መሆን አይችሉም ወይ? የሚለው ጥያቄ ይሻላል። በለጥ ያለ ሜዳ አንድ ክንድ ከፍታ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ፈሰስም አንድ ነገር ልበል። ፈሰስ ማውጣት የአባቶቻችን ጥበብ ነው። ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣው ማረሻም መረሬን ለማጠንፈፍ ሲባል ተሞክሮ ሠርቷል። ነገር ግን ፈሰሴን ወደ ጎረቤቴ ማሳ ካወጣሁት ስጋቱን አላጠፋሁትም። አዛወርኩት እንጂ። ጎረቤቴም ወደሚቀጥለው ያዛውረዋል። በመጨረሻ ውሃው የሚያርፈው ፈሰስ ለማውጣት ጉልበት የሌለው ሰው ማሳ ላይ ነው። ስንት ጠብ፣ ስንት ክስ የተነሣው በዚህ አይደለም እንዴ? የመንደር ፈሰስ በጋራ ተመክሮበት ወደ ወንዝ ካልተመራ የሚያተርፈው ጠብ ብቻ ነው።

ይህ ነገር በትንሽ ማሳ ላይ እንደሚሆነው ሁሉ በትልቁም ይሆናል። ቁጥር እንጠቀም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። በሐምሌ ወይም በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል። አንድ ሄክታር መሬት፣ ማለትም አራት ጥማድ፣ 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ሄክታር ላይ 300,000 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ባለ 200 ሊትሩን በርሜል ብንቆጥር 1,500 በርሜል ይሆናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአራት ጥማድ ላይ!

ያ መሬት ሣር ወይም ደን ከሆነ ብዙውን ይጠጣል፣ የቀረውንም ቀስ አድርጎ ይለቃል። ያው መሬት ቆርቆሮና አስፋልት ከሆነስ? ቆርቆሮ ውሃ አይጠጣም። አንድ 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዚያ ዝናብ 1,500 ሊትር ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ መንገድ ይደፋል። አሁን የቡራዩን ዳገት፣ የሰበታን ዳገትና የወጨጫን ግርጌ ተመልከቱ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ምን ነበር? ዛሬስ ምን ነው? ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ቤት፣ መጋዘን፣ ፋብሪካ በየጊዜው ይጨመራል። ይህ ልማት ነው፣ አንቃወመውም። ነገር ግን ከላይ ያለው ከተማ ውሃውን ወደ ታች ካዛወረ ከፈሰሱ ባለቤት በምን ይለያል? በታች ያለው ገበሬ «ዝናቡ እንደ ድሮው ነው፣ ወንዙ ግን ቶሎ ይሞላል» ቢል እውነቱን ነው። ከተማው ሲያድግ የቦይ መውጫው የት እንደሆነና በታቹ ያለው ማሳ የማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ በጽሑፍ የያዘ ገበሬ በቃል ከሚናገር ገበሬ ይልቅ ይሰማል።

ወደ ቡራዩ እንሂድ። እዚያ ያለው ጎርፍ ከበቾው የተለየ ነው። አገሩ ተዳፋት ነው። ገፈርሳ እዚያው ነው። በ1930ዎቹ የተሠራው ግድብ እስከ ዛሬ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ይሰጣል። ከዚያ አካባቢ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ። እነዚህ ጅረቶች በበጋ የእግር ጣት አያርሱም። በክረምት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንጋይ ያንከባልላሉ።

እዚህ ላይ ስለ ደላላ መናገር ግድ ነው። ደላላ ቦታ የሚያሳየው መቼ ነው? በጥር ነው። በየካቲት ነው። ገዢው ጅረቱን ሲያይ የሕፃን ሽንት የመሰለ ውሃ ያያል። ቦታው ለጥ ያለ ነው፣ አሸዋው ንጹሕ ነው፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ነው። ለምን ረከሰ ብሎ አይጠይቅም። ከገጠር የመጣ፣ ገንዘቡ ያለቀበት፣ ልጆቹን የያዘ ሰው ነው። ቤቱን ቶሎ ቶሎ ሠርቶ ይገባል። ሐምሌ ሲመጣ ወንዙ የራሱን ቦታ ፈልጎ ይመጣል። ወንዝ ለአሥር ዓመት ቦታውን ትቶ ቢሄድ እንኳ ሸጦት የሄደ አይደለም።

በበጋም ቢሆን የወንዝ ምልክት ይታወቃል። የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ ገለባና ላስቲክ ካያችሁ ውሃው እስከዚያ ደርሶ ያውቃል። በሜዳው ላይ ድቡልቡል ድንጋይ ተበትኖ ካያችሁ ያንን ያንከባለለው ውሃ ነው። የወንዙ ዳር እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠና የዛፍ ሥር ከተንጠለጠለ ወንዙ ወደዚያ እየበላ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚያ የተወለዱትን አሮጊት እናቶች ጠይቁ። ደላላ የማይነግረውን እነሱ ይነግራሉ።

የደረቀ ወንዝ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከድሬዳዋ መማር ይቻላል። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ይነግድበታል፣ ያቋርጠዋል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ ሰው ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙ ሺህ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። የሞቱት ከተማው ውስጥ ሁሉ ተበትነው የነበሩ አይደሉም። ወንዙ ዳር የነበሩ ናቸው። ጎርፍ ሰው አይመርጥም ይባላል። እኔ ግን ይመርጣል እላለሁ። ቦታ ያጣውን ሰው ይመርጣል።

ሱሉልታ ደግሞ ሌላ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ነው። ውሃው ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ አባይ ይወርዳል። ሜዳው በክረምት ረግረግ ነው። ብዙ ሰው ረግረግ ሲያይ የባከነ መሬት ይመስለዋል። አይደለም። ረግረግ የውሃ ጎተራ ነው። የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ከብቱ የሚበላው ሣር፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ወተት የዚህ ረግረግ ውጤት ነው። ረግረጉን በድንጋይና በአፈር ደልድለው ሲሠሩበት ውሃው አይጠፋም። ጎረቤት ይሄዳል። ያው የፈሰሱ ነገር ነው።

የሱሉልታን ገበሬ ሌሊት የሚያባንነው ግን ውርጭ ነው። ውርጭ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ይመጣል። ደመና ብርድ ልብስ ነው። ደመናው ሲገፈፍ ምድር በቀን የያዘችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከሙቁ ይልቅ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ረባዳ ይወርዳል። ስለዚህ ነው የሜዳው ድንች ጠቁሮ ሲያድር የተዳፋቱ ድንች የሚተርፈው። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ቶሎ የሚደርሰውን ገብስ ሜዳው ላይ፣ ዘግይቶ የሚያብበውን ተዳፋቱ ላይ ያደርጋል። ውርጩን አላስቀረም፣ ከመንገዱ ዞር አለ እንጂ።

በረዶና መብረቅም አሉ። በረዶን በጽሑፍ መከላከል አይቻልም፣ አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ቦታ አለመዝራት ግን ይቻላል። መብረቅ ሲያጉረመርም ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ክፉ ነው። እረኞች ይህን ይወቁ።

የመሬት መንሸራተት ጉዳይ ግን ቆም ብለን እንድናይ ያስገድዳል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በሚባለው ቀበሌ ከባድ ዝናብ የጠገበ ዳገት ተናደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያ የተቀበሩት ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ መቆፈሪያ ይዞ ሮጠ። እየቆፈሩ ሳሉ ዳገቱ ሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ከሞቱት ብዙዎቹ ለማዳን የመጡት ናቸው። ደግነታቸው ወሰዳቸው። ይህን ስጽፍ እንኳ ልቤ ይከብዳል።

ከዚህ የምንማረው «ጎረቤታችሁን አትርዱ» አይደለም። ዳገት ሲናድ የሚቆፍሩት ጥቂቶች ይሁኑ፣ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ዳገቱን ብቻ ይመልከት፣ ሌላው ሕዝብ ይራቅ። ይህን ከአደጋው በፊት መነጋገር ይገባል። በጩኸቱ ሰዓት የሚሰማ ሰው የለም። ምልክቶቹም አሉ። መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይታያል። ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ያዘነብላል። የቤት በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ይላል። ምንጭ ያልነበረበት ቦታ ውሃ ያፈልቃል ወይም ንጹሕ የነበረው ምንጭ ይደፈርሳል። በሙገር ገደል አፋፍና በወጨጫ ቁልቁለት ያላችሁ፣ ድንጋይ ለመውሰድ ከሥሩ በተቆፈረ ዳገት አጠገብ ያላችሁ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እነዚህን ተመልከቱ።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ በአጭሩ። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ የደረሰው መንቀጥቀጥ ብዙ ቤት አፍርሷል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተነሥቷል። ለእኛ የሚጠቅመው እውቀት ይህ ነው። በእንጨት ማገር የተያያዘ የጭቃ ቤት ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይወድቅም። በጭቃ ብቻ የተካበ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ግን ሰው ላይ ይወድቃል። ግንብ የሚሠራ ሰው ማዕዘኖቹን ያስተሳስር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘርዝረን ከፈራን በቂ ነው? አይደለም። ፍርሃት ሥራ አይደለም። መመዘን ያስፈልጋል። መመዘን ማለት ደግሞ ሒሳብ ነው።

አንድ ገበሬ እንውሰድ። ጎርፍ በ3 ዓመት አንድ ጊዜ 6 ኩንታል ጤፍ ይወስድበታል እንበል። በዓመት ሲካፈል 2 ኩንታል ነው። ውርጭ ደግሞ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ 10 ኩንታል ገብስ ይወስድበታል። በዓመት ሲካፈል 1 ኩንታል ነው። ሰውየውን ብትጠይቁት የሚያወራው ስለ ውርጩ ነው። ያ ክፉ ዓመት ከአእምሮው አይወጣም። ሒሳቡ ግን ጎርፉ በእጥፍ እየበላው እንደሆነ ይናገራል። የ10 ቀን ጉልበት አውጥቶ ቦይ ቢቆፍርና የጎርፉን ጉዳት በግማሽ ቢቀንስ በዓመት 1 ኩንታል አተረፈ ማለት ነው። በአምስት ዓመት 5 ኩንታል ነው። 10 ቀን መሥራት ለ5 ኩንታል አያንስም ወይ?

ይህ ሒሳብ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የሰው ነፍስ በኩንታል አይሰፈርም። በ30 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ጅረት የተኙ ልጆችን የሚወስድ ከሆነ በየዓመቱ ጤፍ ከሚያበላሸው ውሃ በፊት ይጻፍ። ሁለት መዝገብ ይኑረን። አንዱ የሰው፣ ሌላው የንብረት። አይቀላቀሉ።

መንግሥት ይህን ሥራ አልጀመረውም ወይ? ጀምሯል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ሰው ከተጎዳ በኋላ እህል ማደል ብቻ በቂ አይደለም፣ ስጋቱ አስቀድሞ ይታወቅ ይላል። ከዚያም በፊት ጀምሮ የወረዳ የስጋት መግለጫ የሚባል ጥናት በየወረዳው ሲሠራ ቆይቷል። አጥኚዎች የተወሰኑ ቤተሰቦችን እየመረጡ ስለ አደጋ፣ ስለ ንብረት፣ ስለ ጤና ይጠይቃሉ። ሥራው ጥሩ ነው። ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወረዳ ሰፊ ነው። ከወጨጫ ጫፍ እስከ አዋሽ ዳር ያለውን አገር በአንድ ስምና በአንድ ቁጥር መጥራት አይቻልም። ላይኛው ቦረቦር ይፈራል፣ ታችኛው የተኛ ውሃ ይፈራል። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ለማንም አይሆንም። ሁለተኛ፣ ጥናት ተጠንቶ መልሱ ለተጠየቀው ሰው ካልተነበበለት ምን ጥቅም አለው? መልስ ስጡን ማለት መብታችን ነው። ወረዳው ሲመጣ ግን ባዶ እጃችንን አንጠብቀው። ደብተራችንን ይዘን እንጠብቀው።

ደብተሩ እንዴት ይጻፋል? ከባድ አይደለም። በየቀበሌው፣ በቀድሞው አጠራር በየገበሬ ማኅበሩ፣ መጻፍ የሚችሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ይመረጡ። ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ሽማግሌዎችን፣ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች፣ እረኞችን እየጠየቁ ይጻፉ። መቼ ሆነ? ዓመተ ምሕረቱ ካልታወቀ «እከሌ ባገባ ዓመት» ይባል፣ በኋላ ይሰላል። ውሃው የት ደረሰ? «እስከ ሾላው ሥር» ከተባለ ሾላው ላይ ምልክት ይደረግ። ምን ጠፋ? ከመምጣቱ በፊት ምን ምልክት ታየ? ለማን ቀድሞ ደረሰ? እረኛ ወንዝ ድምፁን ሲለውጥ ይሰማል። ይህን እውቀት ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ከዚያ ቤቶች ይቆጠሩ። ውሃው በሚደርስበት ቦታ ስንት ቤት አለ? ከእነዚያ ውስጥ መራመድ የማይችል ሽማግሌ፣ ዓይነ ስውር፣ አራስ ያለበት የትኛው ነው? በሌሊት ቢመጣ ማን ማንን ይሸከማል? ይህ በስም ይጻፍ። «ኅብረተሰቡ ይተባበራል» ተብሎ የተጻፈ ዕቅድ ማንንም አይሸከምም።

ማስጠንቀቂያውም ይታሰብ። ድሮ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ዛሬ ስልክ አለ። ላይ ያለው ቀበሌ ወንዙ ሲሞላ ታች ላለው ቢደውል ታች ያለው ከብቱን ለማስወጣት ጊዜ ያገኛል። የላይኛው ቀበሌ የማን ስልክ እንደሚደወል ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ በሰኔ ይሞከር። ሬዲዮም እናዳምጥ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከክረምት በፊት «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» ወይም «ከመደበኛ በታች» እያለ ይተነብያል። ይህ የተስፋ ቃል አይደለም። ወደ የትኛው ያደላል ማለት ነው። ትንበያው ሳይሆን ሲቀር «ዋሹ» ብለን ጆሯችንን ብንዘጋ የምንጎዳው እኛ ነን። ከመደበኛ በላይ ሲባል ፈሰሱን ቀድሞ መጥረግ፣ ጎተራውን ከፍ ማድረግ አያከስርም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ስጋታችንን ከጻፍን ይህ ቦታ አደገኛ ነው ብለው ያነሡናል፣ መሬታችንንም ለሌላ ይሰጡታል» የሚል ነው። በከተማ ዳር ለምንኖር ይህ ባዶ ፍርሃት አይደለም። መሬት በየዓመቱ ሲወደድ እናያለን። ነገር ግን ካልጻፍነው ሌላ ሰው ይጽፈዋል፣ እኛ በሌለንበት። እኛ ከጻፍነው የሽምብራውን እርጥበትም፣ የሣሩን ጥቅምም አብረን እንጽፋለን። ከፍ ያለው ቦታ የት እንደሆነም፣ ቤት ብቻ ወደዚያ ቢዛወር ማሳው በእጃችን እንደሚቆይም እንጽፋለን። በጽሑፍ ያልተያዘ መብት በስብሰባ ላይ ይረሳል።

ደብተሩ ሲያልቅ በሁለት ቅጂ ይገልበጥ። አንዱ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ረባዳ ላይ የተሠራ ከሆነ ግን፣ እንዲህ ያለም አላጣንም፣ መዝገቡ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን።